ያገለገለ ትሮምቦን ልብ ሲሰርቅ!

እናንተ የከተማ ወጣቶች! እስቲ ልጠይቃችሁ… እቁብ ቢደርሳችሁ ምን ትገዙበታላችሁ? ሞባይል? ጫማ? ሶፋ? እዚህ ሀዋሳ መሃል ከተማ ያለ አንድ የማውቀው ወጣት ግን ልቡ የሸፈተው ባገለገለ ትሮምቦን ነው። እናቱ ሲሰሙ «ልጄ፣ የእድር ጡሩምባ ነፊ ልትሆን ነው እንዴ?» አሉ። እጮኛውም «ለሰርጋችን ያልነውን ብር ለቆርቆሮ!» ብላ አኩርፋለች። ልጁ ግራ ቢገባው ምክር ጠየቀኝ።

በእኔ እምነት ልጁ አላበደም። ያየው ዕቃ የድሮው ዓይነት ቴኖር ትሮምቦን ነው፤ ተጨማሪ ቱቦም ሆነ በአውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ የለውም። ስላይዱ የሚቆምባቸው 7 ቦታዎች አሉት፤ ምልክት ግን የለባቸውም! የሚያገኟቸው ጆሮና ክንድ ብቻ ናቸው። የኪቦርድ ቁልፍ የተሰጠውን ድምፅ ያወጣል። ትሮምቦን ግን በሁለት ድምፆች መሃል እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይንሸራተታል። ትዝታን ወይም አንቺሆዬን በዚህ ሲጫወቱት አስቡት!

አገራችንም ለናስ መሣሪያ እንግዳ አይደለችም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የናስ ባንድ ነበሩ። መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በትንፋሽ መሣሪያ ደምቀው ኖረዋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ኪቦርድ ሲጨመርበት ደግሞ የነፊዎቹ ቦታ ጠበበ። አንድ ኪቦርድ የስንቱን ደመወዝ አተረፈ!

ግን ወንድሜ፣ ፍቅር ዓይን ይጋርዳል! ከመክፈልህ በፊት ስላይዱን ወደ ታች ቀጥ አድርገህ፣ በእጅህ እየጠበቅህ ልቀቀው። በራሱ ክብደት ሳይንቀጫቀጭ ይውረድ። የሰፊው አፍ ጎድጎድ ማለት ብዙም አያሳስብም፤ የስላይዱ ግን ዋና በሽታ ነው። ከስላይዱ ሁለት ቀዳዳዎች አንዱን በጣትህ ደፍነህ በሌላው ንፋ፤ አየር ካፈተለከ ዋጋውን አስቀንስ ወይም ተወው። ቀለሙ መልቀቁ ችግር የለውም። ቀይ ነጠብጣብ ካየህ ግን ናሱ ከውስጥ እየተበላ ሊሆን ይችላል። መንፊያው ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ በፒንሳ እንዳትታገለው!

ከሁሉ በላይ፣ ብሩ የሁለታችሁ ነውና ተደብቀህ አትግዛ። እጮኛህን ይዘህ ሂድ፤ የሚችል ሰው ይንፋላትና ትስማው። ከሰርጉ ምን ያህል እንደሚነካ አብራችሁ አስሉ። «አይሆንም» ካለችም ቀጣዩን እቁብ ጠብቅ፤ ትሮምቦን ቆይቶ ይገኛል፣ የተሰበረ እምነት ግን በብየዳ አይጠገንም። ከተስማማችሁ ደግሞ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተለማመድ። ጎረቤት ካማረረ ፍቅር ሐይቅ ዳር መች ጠፋ? እዚያ ድምፁ ሰፊ ቦታ አለው!