የኢትዮጵያ የቴሌኮም ገበያ መከፈት

የኢትዮጵያ የቴሌኮም ገበያ መከፈት ለረጅም ዘመን በመንግሥት ድርጅት ብቻ ይሰጥ የነበረው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በ2011 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ለሌሎች ኩባንያዎች የተፈቀደበትና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተቋቋመለት ሂደት ነው። ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገር አቀፍ አገልግሎቱን መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ጀመረ።

የኔትወርክ ኢንዱስትሪ ምንነት

ስልክ፣ መብራት፣ ውኃና ባቡር የኔትወርክ ኢንዱስትሪዎች ይባላሉ። አገልግሎታቸው በተዘረጋ መስመር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ትልቁ ወጪ መስመሩን መዘርጋት ነው፤ አንዴ ከተዘረጋ በኋላ አንድ ደንበኛ መጨመር ብዙም አያስወጣም።

ለምሳሌ የደጀን ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ በአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ትገኛለች። መንገዱን ተከትሎ ከጎሃ ጽዮን የሚመጣ መስመር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ያንኑ ያህል ዳገት መውጣት አለበት። ሁለት ኩባንያዎች በዚህ ገደል ጎን ለጎን የየራሳቸውን መስመር ቢዘረጉ ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ከፋዩ ሕዝብ ግን ያው ነው። እንዲህ ያለው ሁኔታ ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ ይባላል።

ስለዚህ የኔትወርክ ገበያ ፈቃድ በመስጠት ብቻ አይከፈትም። አዲሱ ኩባንያ በነባሩ መስመርና ማማ በምን ዋጋ ይጠቀማል? የአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ሲደውል ማን ለማን ይከፍላል? እነዚህን የሚወስን ገለልተኛ ዳኛ ያስፈልጋል።

የአውሮፓ ልምድ

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1984 የብሪቲሽ ቴሌኮምን ከፊል ድርሻ ለግል ባለአክሲዮኖች ስትሸጥ ኦፍቴል የተባለ ተቆጣጣሪ አቋቋመች። አብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1998 መጀመሪያ አንሥቶ ቴሌኮምን ሙሉ በሙሉ ለውድድር ከፈቱ፤ ነባሮቹ ኩባንያዎችም ተፎካካሪዎችን ከመስመራቸው ጋር እንዲያገናኙ ግዴታ ተጣለባቸው። በኤሌክትሪክ በኩል ኅብረቱ ማመንጨትንና ሽያጭን ለውድድር ሲከፍት፣ የማስተላለፊያ መስመሩን ግን ቁጥጥር የሚደረግበት ሞኖፖሊ አድርጎ ተወው።

ከአዋጁ በፊት

በኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ወዲህ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት በተዘረጋው መስመር ነው። በ1989 ዓ.ም. የቁጥጥር ሥራው ለኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ፣ አገልግሎቱ ደግሞ ለኮርፖሬሽኑ ተከፋፈለ፤ ሆኖም ኤጀንሲው የሚቆጣጠረው አገልግሎት ሰጪ አንድ ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ በኢትዮ ቴሌኮም ተተካ፤ አስተዳደሩም ለሁለት ዓመት ውል ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ከመንግሥት ትልልቅ ድርጅቶች፣ ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ፣ ከፊል ድርሻ ለግል ባለሀብቶች እንዲሸጥ ወሰነ።

አዋጁና ጨረታው

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ። ለሁለት አዳዲስ ፈቃዶች በወጣው ጨረታ የቀረቡት ተጫራቾች ሁለት ብቻ ነበሩ። ጨረታው ማማ አከራይ ኩባንያዎችን አላሳተፈም፤ ለውጭ ኦፕሬተሮችም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትን አልፈቀደም። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸናፊ መሆኑ ተገለጸ። ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ተቀባይነት ስላላገኘ ሁለተኛው ፈቃድ ሳይሰጥ ቀረ።

መጋራትና መተሳሰር

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የራሱን ማማዎች ከመትከሉ በተጨማሪ ከኢትዮ ቴሌኮም መሠረተ ልማት ይከራያል፤ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መስመሮች ላይ የተዘረጋ ፋይበርም ለመጠቀም ተዋውሏል። በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥርና በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ቁጥር የሚደዋወሉት ሁለቱ ድርጅቶች ኔትወርካቸውን ለማስተሳሰር ስለተስማሙ ነው። ትስስሩ ባይኖር አዲሱ ኩባንያ ደንበኛ ማግኘት ይከብደው ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሚደውልላቸው ዘመዶቹ ሁሉ በነባሩ መስመር ላይ ናቸውና።

የሞባይል ገንዘብ ጉዳይ

የውድድር ሕግ ሲዘገይ ምን እንደሚያስከትል በሞባይል ገንዘብ ታይቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የጨረታው አሸናፊ ከመገለጹ 11 ቀን በፊት ነው። ሳፋሪኮም ግን ፈቃዱን ለማግኘት ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅና ተጨማሪ 150 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ነበረበት፤ ኤምፔሳ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ መግባት በክፍያ ገበያ ትልቅ ብልጫ ነው፤ ሰዎች ገንዘብ የሚላላኩት ብዙ ሰው ባለበት አገልግሎት ነውና።

ተያያዥ ጉዳዮች

በ2006 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተከፍሏል፤ ሆኖም ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን በአክሲዮን 300 ብር ለሽያጭ ቀርቧል። ቀሪው ድርሻ የመንግሥት ስለሆነ፣ ዳኛውም ሆነ የትልቁ ተወዳዳሪ ዋና ባለቤት የፌደራል መንግሥት ነው። የተቆጣጣሪው ነፃነት የገበያው መከፈት ዋና መለኪያ ተደርጎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።