አዲሱ ኮምፒዩተር ስለ ምን ይዘገያል?

ሀብት በበዛ ጊዜ ተጠቃሚውም አብሮ እንደሚበዛ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ታሪክም ለዚሁ ምስክር ነው። ከተማው በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ፥ ከራጉኤልና ከማርያም አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ፥ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ከወረደ በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጅግ ስላነሰ፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መጥቶ የእንጦጦን ጋራ ባለበሰው ጊዜ እንጨት ተገኘ፤ ከተማውም በቦታው ጸና። ይሁን እንጂ እንጨቱ በበዛ መጠን ቤቱም፥ አጥሩም፥ ምድጃውም አብሮ ስለ በዛ፥ ማገዶ ተሸካሚዋ ከእንጦጦ ቁልቁል የምታወርደው ሸክም ሳይቀንስ ኖረ።

በየመደብሩና በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ነገሩ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው። መሣሪያው በየጊዜው እየበረታ መጥቷል፤ አሜሪካዊው ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳመለከተው፥ በአንዲት ቺፕ ላይ የሚያርፉት ጥቃቅን ክፍሎች ብዛት ለብዙ ዘመን በአጭር ጊዜ ውስጥ እጥፍ እየሆነ ሲሄድ ቆይቷል። ሆኖም ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ፥ መሣሪያው ከሚፈጥንበት ይልቅ ፕሮግራሙ የሚከብድበት እንደሚበልጥ አስጠንቅቆ ነበር።

የማስጠንቀቂያውን እውነተኛነት ቁጥር ያሳያል። በዚያው ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 95 ቢያንስ የሚፈልገው የማስታወሻ መጠን፥ ማለት ራም፥ 4 ሜጋ ባይት ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ከ4 ጊጋ ባይት በታች አይቀበልም፤ ይኸውም 1,024 እጥፍ ነው። የነጋዴው ደብዳቤ ግን 1,024 ጊዜ አልረዘመም። በአማርኛ የተጻፈ የ1 ሺህ ፊደል ደብዳቤ የሚይዘው 3 ሺህ ባይት ያህል ስለ ሆነ፥ በ4 ጊጋ ባይት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ እንደዚህ ያሉ ደብዳቤዎች ሊገቡ ይችላሉ። እንግዲህ ቦታውን የሚወስደው ሥራው ሳይሆን ሥራውን የተሸከመው ፕሮግራም ነው። ማስታወሻ በረከሰ ጊዜ የፕሮግራም ጸሐፊው የሚቆጥበው የመሣሪያውን ጉልበት ሳይሆን የራሱን ጊዜ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ሙሉ የድረ ገጽ መክፈቻ በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ሌላውም ማንም ሳይጠራው ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሣል።

ከዚህም በላይ፥ ሰው የሚጠብቀው ሁልጊዜ የማስሊያውን ክፍል፥ ማለት ፕሮሰሰሩን አይደለም። የሚሽከረከረው ዲስክ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው የማይሽከረከር ማከማቻ ግን ይህንኑ ከዚያ መቶ ጊዜ ባጠረ ጊዜ ይፈጽማል። ራሙ በሞላም ጊዜ ኮምፒዩተሩ የተረፈውን ወደ ዲስኩ እያመላለሰ ስለሚሠራ፥ ፈጣኑ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ይቆማል። የሚፈለገው መዝገብ በአውሮፓ የተቀመጠ እንደ ሆነ ደግሞ መልእክቱ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሄዶ መመለስ አለበት፤ ይህን ርቀት የትኛውም ውድ ፕሮሰሰር ሊያሳጥረው አይችልም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ያለ አስፈላጊነት የሚለወጥ ኮምፒዩተር የሚያስከትለው ኪሳራ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ በፕሮሰሰሩ ስም ብቻ ሳይረካ፥ የራሙ መጠንና የማከማቻው ዓይነት በፕሮፎርማው ላይ ተለይቶ እንዲጻፍ፥ ራሙም ወደ ፊት ሊጨመርበት የሚችል መሆን አለመሆኑ እንዲገለጽ ማድረግ ይገባዋል። ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚያስመጣውም ነጋዴ፥ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱንና ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን አሮጌ ፕሮሰሰሮች የማይቀበል መሆኑን አስቀድሞ ቢያስብ፥ ርካሽ መስሎ የገባ ዕቃ በመጋዘን ከመቅረት ይድናል።

ባለ ሱቁም ቢሆን የዘገየበትን ኮምፒዩተር ከመጣሉ በፊት፥ ሳይጠሩ የሚነሡትን ፕሮግራሞች ያስቀንስ፤ ከዚያም የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. ያስለውጥ፤ ራሙ አንሶ እንደ ሆነ ያስጨምር። አዲስ የሚገዛው ይህ ሁሉ ተደርጎ ሥራው ያልተቃና እንደ ሆነ ብቻ ነው። ገንዘብ መውጣት የሚገባው ሥራው በሚጠብቅበት በኩል እንጂ፥ በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ በተጻፈው ቁጥር በኩል አይደለም።