ከባዮስ ዕድሳት በኋላ ስለሚዘገይ ላፕቶፕ

ትናንት ያለ እንከን ሲሠራ የዋለ ላፕቶፕ ሌሊቱን ዕድሳት ተቀብሎ አድሮ በማግስቱ አንዲት ደብዳቤ ለመክፈት እንኳ ባለቤቱን ደጅ የሚያስጠና ሲሆን፣ በከተማችን የጥገና ሱቆች የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ባለቤቱም ፎቶግራፉንና ሰነዱን በፍላሽ ገልብጦ፣ የጠጋኙን ዋጋ ከፍሎ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭኖ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ መሣሪያው ያንኑ የትናንቱን ዝግመት ይዞ ሲያገኘው፣ ግማሹ ጠጋኙን ያማል፣ ግማሹም ላፕቶፑ አርጅቷል ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ነገር ግን ፎርማት የሚያጸዳው ሀርድ ዲስኩን ብቻ ሲሆን፣ የዚህ ዐይነቱ ደዌ ሥሩ ያለው ከዲስኩ ተለይቶ በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለ በሌላ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስለ ሆነ፣ በዲስኩ ላይ የሚደረገው እጥበት ሁሉ ወደዚያ አይደርስም።

በዚያ ቺፕ ውስጥ የሚኖረው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል፤ ሕዝቡ በልማድ የሚያውቀው ግን ባዮስ በሚለው ስም ነው፤ ምንም እንኳ በዛሬዎቹ ላፕቶፖች ላይ ቦታውን የያዘው ዩኢኤፍአይ የተባለው ተተኪው ቢሆን። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ16 ወይም ከ32 ሜጋባይት አያልፍም፤ ሥልጣኑ ግን ከመጠኑ ጋራ አይመዛዘንም። ካህናቱና ምእመናኑ ከመግባታቸው አስቀድሞ ደጁን የሚከፍት ዐጻዌ ኆኅት እንዳለ ሁሉ፣ ፈርምዌርም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ቀድሞ ነቅቶ ራሙን ይመረምራል፤ ዲስኩን ይለያል፤ ፕሮሰሰሩም ስንት ዋት ኀይል እንዲወስድ እንደሚፈቀድለት ይወስናል። ከእርሱም ጋራ ባትሪውን የሚያስሞላ፣ ፋኑን የሚያዝ፣ ቻርጀሩንም የሚለይ ሌላ ተቈጣጣሪ ቺፕ አለ፤ የአንደኛው ዕድሳት በመጣ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውም አብሮ ይታደሳል። ይህም ሁሉ ዛሬ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ከሌላው ዕድሳት ጋራ ተቀላቅሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ባዮሱ መለወጡን ጨርሶ ያላወቀ ባለ ላፕቶፕ ብዙ ነው።

ዕድሳት መሣሪያን ያሻሽላል እንጂ ያዘገያል ብሎ የሚጠብቅ ባይኖርም፣ አንዳንድ ጊዜ ግን መዘግየቱ አስቀድሞ ታስቦበት የተከፈለ የጸጥታ ዋጋ ነው። በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 2018፣ ሜልትዳውን እና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ጉድለቶች ለዓለም በተገለጡ ጊዜ፣ ፕሮሰሰሩ ለፍጥነት ሲል የሚመጣውን ሥራ ገምቶ ቀድሞ የመሥራት ልማዱ ምስጢርን ለሌባ የሚያሳይ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። መድኀኒቱም ከፊሉ በዊንዶውስና በመሰሎቹ፣ ከፊሉ በባዮስ ዕድሳት በኩል ለፕሮሰሰሩ በሚሰጥ ማይክሮኮድ የተባለ የውስጥ መመሪያ መጣ። ማይክሮሶፍትም ራሱ ሃስዌል የተባለውንና ከእርሱ የቀደሙትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የያዙ መሣሪያዎች፣ ይልቁንም ዊንዶውስ 7ን እና 8ን የሚያሠሩት፣ ዝግመቱን እንደሚያስተውሉት ገለጸ። ኢንቴልም ያን ማይክሮኮድ በችኰላ ካወጣ በኋላ ኮምፒውተሮች በድንገት እየጠፉ እንደገና መነሣት ስለ ጀመሩ፣ ጥር 14 ቀን ስርጭቱ እንዲቆም አምራቾቹን ለመጠየቅ ተገደደ። እንዲህ ያለው ዝግመት ግን፣ ቢመርም፣ ልኩ የታወቀ ነው፤ መሣሪያውን ጥቂት ያከብደዋል እንጂ ሽባ አያደርገውም። ስለዚህ ላፕቶፑ ከዕድሳት በኋላ ፈጽሞ የማይሠራ እስኪመስል ድረስ ያዘገመ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱን በሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባል።

ያ ሌላው ስፍራ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ የኀይል ጉዳይ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ፕሮክሆት የሚባል የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ፤ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ በጋለ ጊዜ ይህ ምልክት ሲበራ ፍጥነቱ ወዲያው ዝቅ ይላል፤ ይህም መሣሪያው እንዳይቃጠል የተበጀ መልካም ሥርዐት ነው። ዳሩ ግን ይህን ምልክት ፕሮሰሰሩ ብቻ ሳይሆን ከውጭ ሆነው ሌሎቹ የማዘርቦርዱ ክፍሎችም ሊያበሩት ስለሚችሉ፣ ቻርጀሩን ያላወቀ ወይም የባትሪውን ድካም የፈራ ተቈጣጣሪ ቺፕ ምንም ሙቀት በሌለበት የሙቀትን ዐዋጅ ያውጃል፤ ፕሮሰሰሩም ሳይጠይቅ ይታዘዛል። ያን ጊዜ 2.4 ጊጋሄርትዝ ይሮጥ የነበረው በ0.4 ብቻ ይሄዳል፤ ከስድስት እጅ አንዱ ቀረ ማለት ነው። ፋኑ ጸጥ ብሎ፣ ሰውነቱም ቀዝቅዞ ሳለ የሚያዘግም ላፕቶፕ ያጋጠመው ሰው ይህን ቢጠረጥር አይሳሳትም።

ለቻርጀሩ አለመታወቅ ደግሞ በአገራችን ሰፊ ምክንያት አለ። እንደ ዴል ያሉ አምራቾች በብዙዎቹ ላፕቶፖቻቸው ቻርጀር ጫፍ ላይ ከኀይሉ የተለየች መካከለኛ መርፌ አኑረው፣ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሚሰጥ በእርስዋ በኩል ለመሣሪያው እንዲነግር አድርገዋል። ከገበያ የሚገዛው አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር ይህን መልእክት በደንብ የማያስተላልፍ እንደ ሆነ፣ ወይም መርፌዋ የተጣመመች እንደ ሆነች፣ መሣሪያው ኀይሉን እየተቀበለ እንኳ አላምንህም ብሎ ባትሪውን አያስሞላም፤ ፕሮሰሰሩንም ያስራል። የቀድሞው ባዮስ በቸልታ ያሳለፈውን ቻርጀር አዲሱ ጠበቅ አድርጎ ቢመረምረው፣ ባለቤቱ ጥፋቱን በዕድሳቱ ላይ ብቻ ማኖሩ አይደንቅም።

እንግዲህ ከፍርድ በፊት ምርመራ ይቅደም። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈት፣ ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል የፕሮሰሰሩን ፍጥነት መመልከት ይበቃል፤ ነገር ግን ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ፍጥነቱን በገዛ ፈቃዱ ስለሚቀንስ፣ ቍጥሩ መታየት ያለበት ከባድ ሥራ ሰጥቶ ነው። በሥራ መካከልም ከ0.4 ወይም ከ0.8 ጊጋሄርትዝ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ታስሯል። ፍጥነቱ ደኅና ሆኖ ዲስኩ መቶ በመቶ በሥራ የተያዘ ከሆነ ግን ባዮሱ ንጹሕ ነው፤ ዊንዶውስ በስውር ዕድሳቱን ሲጨርስ ወይም ፋይሎቹን ሲመዘግብ ይሆናልና፣ ጥቂት ሰዓት በኀይል ላይ ሰክቶ መተው ብዙ ጊዜ ይፈውሰዋል።

የታሰረውን ለመፍታት የመጀመሪያው መድኀኒት ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ላፕቶፑን ፈጽሞ አጥፍቶ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት፣ ከዚያ በኋላ መልሶ መሰካት። በዚህ ጊዜ በማዘርቦርዱ ውስጥ የቀረው ኀይል ስለሚፈስ ተቈጣጣሪው ቺፕ የያዘውን የተሳሳተ ትዝታ ይረሳል። ይህ ካልረዳ ኦሪጅናል ቻርጀር ተውሶ መሞከር፣ ቀጥሎም የቺፕሴቱን ድራይቨር ከአምራቹ ዘንድ አምጥቶ መጫን ይገባል። ወደ ባዮሱ ገጽ ገብቶ ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው ሥርዐት መመለስም ይጠቅማል፤ ግን የዲስኩን አሠራር የሚመለከተውን ምርጫ ሳያውቁ የለወጡ እንደ ሆነ ዊንዶውሱ ጨርሶ አልነሣም ሊል ይችላል፤ ዲስኩም በቢትሎከር የተቈለፈ ከሆነ የመክፈቻውን ቍጥር አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መያዝ ግድ ነው።

ፕሮሰሰሩ እንዳይግል ቮልቴጁን በፕሮግራም ዝቅ አድርገው ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ደግሞ የተለየ ታሪክ አላቸው። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ፕላንደርቮልት የተባለው ጥቃት ከተገለጠ በኋላ አምራቾች ጥቃቱ የሚገባበትን ያን ቮልቴጅን በፕሮግራም የመለወጫ በር በባዮስ ዕድሳት ስለ ዘጉት፣ የእነዚህ ሰዎች ላፕቶፕ ወደ ቀድሞ ሙቀቱ ተመለሰ፤ በሙቀቱም ምክንያት ፍጥነቱ ወረደ። ለእነርሱ የቀረው ፋኑን ከበጋው አቧራ ማጽዳትና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ማስለወጥ ነው።

ወደ ቀድሞው ባዮስ መመለስን አንዳንድ አምራቾች ይፈቅዳሉ፤ ሌሎቹ ግን የተደፈነው ቀዳዳ እንዳይከፈት ሲሉ ይከለክላሉ። ቢፈቀድም እንኳ በጽሕፈቱ መካከል መብራት የሄደበትና ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ዳግመኛ ላይነሣ ስለሚችል፣ መብራት በሚቈራረጥበት ሰፈር ይህን ሥራ ባትሪው በደንብ ሳይሞላ መጀመር ድፍረት ነው።

ወደ ጠጋኝ ቤት የሚሄዱ አንባቢ ሆይ፣ የሚጠቀሙበትን ቻርጀር አብረው ይያዙ፤ ፎርማት ከመደረጉም በፊት ጠጋኙ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በሥራ ላይ እንዳለ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት።