ጤፍና ፓተንት፦ ከሀብሩ ማሳ እስከ ሄግ ፍርድ ቤት

በወልድያና በመርሳ መካከል፣ በሀብሩ ወረዳ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል «ግራና-1» የተባለው ማሽላና «ዞብል» የተባለው ጤፍ ስማቸውን ያገኙት ከሰሜን ወሎ ቦታዎች ነው። የጤፍ ምርምር መነሻው ገበሬው ለዘመናት እየመረጠ ያቆየው ዘር ነው። ታዲያ ይህ ዘርና ስለ እርሱ ያለው ዕውቀት በዓለም አቀፍ ሕግ ፊት የማን ንብረት ነው? (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓተንት ለፈጠራ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት የሚሰጥ ብቸኛ መብት ነው። ፈጠራው አዲስ፣ ለባለሙያ በቀላሉ የማይገመትና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆን ይኖርበታል። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አባል አገሮች ለዕፀዋት ፓተንት እንዲነፍጉ ይፈቅዳል፤ ለዕፀዋት ዝርያዎች ግን በፓተንት ወይም በሌላ ውጤታማ ሥርዓት ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በ1992 የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ኮንቬንሽን በበኩሉ አገሮች በዘረመል ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ጤፍ የወደቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ «ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል» ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተስማሙ። ኩባንያው በጤፍ ዘር ሊጠቀም፣ ከሚያገኘው ጥቅም ሊያካፍል፣ በጤፍ የዘረመል ሀብት ላይም የአእምሯዊ ንብረት መብት ላይጠይቅ ቃል ገባ። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ፓተንት ማመልከቻ አስቀድሞ በ2004 ገብቶ ነበር፤ በ2007ም ጸደቀ።

ፓተንቱ የተጠየቀው በዘሩ ላይ ሳይሆን በዱቄቱና ከዱቄቱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። መለያውም «የመውደቅ ቁጥር» የተባለ ልኬት ነው። በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ሲሞቅ ይወፍራል፤ በላዩ የተለቀቀ ዘንግ እስከ ታች ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። በእህሉ ውስጥ ስታርችን የሚሰባብረው አሚሌዝ የተባለ ኤንዛይም በብዛት የሚሠራ ከሆነ ብጥብጡ ይቀጥንና ቁጥሩ ያንሳል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሲሰነብት ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ፓተንቱ በሚፈጭበት ጊዜ ቁጥሩ ቢያንስ 250 ከሆነ ጤፍ የተገኘውን ዱቄት ይሸፍን ነበር። እንግዲህ ጤፉን አጭዶ፣ ከምሮ፣ ወቅቶና በጎተራ አሰንብቶ የሚያስፈጭ የሀብሩ ገበሬ ሰከንድ አይቆጥር እንጂ ነገሩ ለእርሱ አዲስ ነው ማለት ይከብዳል። በአውሮፓ ሕግ ቀድሞ በሥራ ላይ የዋለ ነገርም አዲስ አይባልም፤ ችግሩ መርማሪው የሚያገላብጠው በአብዛኛው የተጻፈ ሰነድ መሆኑ ነው።

ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ በስምምነቱ ወዳልታሰረ ወደ ሌላ ኩባንያ፣ ወደ «ኤንሸንትግሬይን»፣ ተላለፈ። ይህም ኩባንያ «ቤከልስ» የተባለ የኔዘርላንድ ድርጅትን መብቴን ጥሷል ብሎ በሄግ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2018 ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት ይጎድለዋል በማለት ዋጋ አሳጣው። ውሳኔው የሚጸናው በኔዘርላንድ ብቻ ነበር። ይልቁንም የሚያስገርመው ፓተንቱን የጣለው የሌላ ነጋዴ የመከላከያ ክርክር እንጂ የኢትዮጵያ ክስ አለመሆኑ ነው። ፓተንት በየአገሩ ለየብቻ የሚፈርስ በመሆኑ በእያንዳንዱ ችሎት ጠበቃ ማቆም ለድሃ አገር ቀላል ወጪ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2006 በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ደንግጋለች፤ አዋጁ ግን ከድንበር ውጭ ያለን የፓተንት ቢሮ አያዝም። ይህን ክፍተት በከፊል የሚነካው በሜይ 2024 በጄኔቭ የጸደቀው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ውል ነው። በዚህ ውል መሠረት በዘረመል ሀብት ላይ የተመሠረተ ፈጠራ የሚያስመዘግብ አመልካች የሀብቱን መገኛ አገር ማሳወቅ አለበት። መገኛውን ሳያሳውቅ መቅረቱ ብቻውን ግን፣ የማታለል ሐሳብ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የተሰጠን ፓተንት አያሰርዝም።