ጨው የሚያልበው ግድግዳና የጅዳ ጂኖች

በጅዳ አሮጌው ከተማ፣ በአል-በለድ፣ ሰው ጥሎት የወጣ ቤት ባዶ ነው አይባልም። በሩ ከተዘጋ ጂኖች ይገቡበታል ይባላል። ሌሊት ኮቴ ይሰማል፤ ማንም ያልነካው ልስን ይራገፋል፤ ቀን ደረቅ የነበረ ግድግዳ ሲመሽ ጥቁር ጥላ ያወጣል። እዚያ የሚሠሩ ወገኖቻችንም ወሬውን ሰምተው፣ የየራሳቸውን ጨምረው ያወሩታል። «ተረት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን እነዚህ ሰዎች የሰሙትን ሰምተዋል፣ ያዩትንም አይተዋል ባይ ነኝ። ነገሩ ያለው ቤቱ በተሠራበት ድንጋይና እንጨት ውስጥ ነው።

ጅዳ ገብቶ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ማየት ያማረው ሰው፣ ልስኑ የወደቀ አንድ ግድግዳ ፊት ቢቆም ይበቃዋል። ድንጋዩ ኮራል ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ገጹ በጥቃቅን ኮከብ መሰል ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ በሕይወት ዘመኗ የአንዲት ትንሽ የባሕር እንስሳ ቤት ነበረች። አልፎ አልፎም የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደተቀረቀረ ይታያል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ከውሃው በላይ ከሚታዩት የኮራል እርከኖች ብዙዎቹ የተሠሩት ከ125 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን ነው። የጅዳ ግንበኞች ይህን ቀላልና ለመጥረብ የማያስቸግር ድንጋይ ከባሕሩ ዳር እየቆረጡ፣ በየመካከሉ አግዳሚ እንጨት እያስገቡ፣ አራትና አምስት ፎቅ አቆሙበት። በተለይ የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ ንግዱ ሲደራ ቤቶቹም ወደ ላይ ረዘሙ።

ድንጋዩ ግን ከባሕር ሲወጣ ባሕሩን ይዞ ነው የወጣው። በጉድጓዶቹ ውስጥ ጨው አለ፤ የባሕር ነፋስና ከመሬት የሚሳብ ውሃም በየጊዜው ይጨምሩበታል። የገበታ ጨው ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ውሃ ከአየር ስቦ ራሱን ያሟሟል። ጅዳ ላይ አየሩ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ይህን መስመር ያልፋል። ያኔ ጨው የበዛበት የግድግዳ ክፍል ብቻ ይረጥብና ይጠቁራል፤ ጨው የሌለበት ጎረቤቱ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ጥላው ድንበርና ቅርጽ የሚኖረው ለዚህ ነው። በማግስቱ ፀሐይ ስትከር ውሃው ይተንና ጨው መልሶ ይረጋል፤ እየረጋም የድንጋዩን ቀዳዳዎች ከውስጥ ይገፋል። ይህ ለዓመታት ሲመላለስ ልስኑ ይላቀቃል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አሸዋው ሲንሸራተት አንድ ሰው ወለሉን በጥፍሩ የሚጭር ይመስላል።

ኮቴው የእንጨቱ ነው። ሮሻን የሚባሉት በጥልፍልፍ የተሠሩ ሰፋፊ መስኮቶች ቲክን ከመሳሰሉ፣ በመርከብ ከመጡ እንጨቶች የተሠሩ ናቸው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው የያዘውን ጫና በአንድ ጊዜ ሲለቅ «ቋ» ይላል። ቀን በገበያው ጫጫታ የማይሰማው ይህ ድምፅ ሌሊት ከፎቅ ፎቅ ይሄዳል። ከ1872 እስከ 1881 የተገነባውን፣ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት የሆነውን የነሲፍ ቤት ብንወስድ 106 ክፍሎች እንዳሉት ይነገራል፤ ደረጃውም ግመል እስኪያወጣ የሰፋና ዝግ ያለ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የአንዲት ሳንቃ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል ባሕሩን ተሻግረን ሱዋኪንን እንይ። የሱዳኗ ሱዋኪንም በኮራል የተሠራች ደሴት ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖርት ሱዳን ተሠርቶ ንግዱ ሲሸሽ ቤቶቹ ባዷቸውን ቀሩ፤ ጨውና እርጥበትም አፈራረሷቸው። ስለ ሱዋኪን የሚነገረው አፈ ታሪክ ንጉሥ ሰሎሞን ጂኖችን ያሰረባት ደሴት ናት ይላል። አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት አየር፣ አንድ ዓይነት ወሬ።

ስለ ጂን መኖር አለመኖር ፊዚክስ የሚፈርደው ነገር የለም። ቁርኣን በስማቸው የተሰየመ ምዕራፍ አለው፤ መካ ውስጥም መስጂድ አል-ጂን አለ። እዚህ የምናወራው ስለ ግድግዳውና ስለ ሰሚው አካል ብቻ ነው።

ሰሚው አካል ሲባል ደግሞ የእኛው ሰው ታሪክ ይመጣል። የኔዘርላንዱ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንየ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ ተቀምጦ ሳለ የከተማዋ ሴቶች ዛር ሲያስለቅቁ እንደነበር ጽፏል። ከበሮውና ልመናው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ በባርነት ቀይ ባሕርን የተሻገሩ የሐበሻ ሴቶች ዛርን ወደዚያ ምድር ካደረሱት መካከል እንደሆኑ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ምንም ሳይዙ የሄዱ ሰዎች መንፈሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ዛሬም በመካው የሚስፈላ ሰፈር ጠባብ ክፍሎችም ሆነ በጅዳ የአሠሪ ቤቶች የምትኖር እህታችን ሌሊት «አንድ ነገር ደረቴ ላይ ወጣብኝ፤ ልጮህ ስል ድምፄ እምቢ አለ» ብትል፣ አገር ቤት ዱካክ የምንለው ነው። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን ያስራቸዋል፤ ሕልማችንን ተነሥተን እንዳንሠራው ነው። አንዳንዴ ግን አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ማሰሪያው ሳይፈታ ይቀራል። ዓይን ክፍሉን ያያል፣ ሕልሙም አላበቃም፤ በሩ አጠገብ የቆመ ሰው የሚታየው በዚህ መሀል ነው። እንደ ጥናቶች ግምት ከ100 ሰዎች 8 ያህሉ ቢያንስ አንዴ ያጋጥማቸዋል።

የሚያባብሰው የታወቀ ነው፤ የእንቅልፍ ማጣት፣ ሰዓቱ የተዘበራረቀ እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ በጀርባ መተኛት። በረመዳን ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ቤት ቆማ ጎህ ሲቀድ የምትጋደም፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ የምትቀሰቀስ ሠራተኛ የፊተኞቹን ሦስቱን ባንድ ላይ ትሸከማለች። ጸሎቷንም ሩቅያዋንም (በቁርኣን ንባብ መፈወሻዋንም) አትተው። ነገር ግን እያመማት ነው ወይም ተለክፋለች ተብላ ከመፈራቷ በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛች የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል። ዱካኩ በራሱ አይገድልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ በጎን መተኛትና ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ማግኘትም ብዙዎችን ያሳርፋል።