የአሰልጣኝ ሚዛን፦ ውጤትን ከችሎታ ስለ መለየት

አንድ የእግር ኳስ ቡድን በተከታታይ ሲሸነፍ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ “አሰልጣኙ ይሰናበት ወይስ ይቆይ?” የሚለው ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከደረጃ ሠንጠረዡ ይነበባል። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ግን አንድ ንባብ ብቻ ይዘን ስለ አንድ ነገር ባሕርይ ብንፈርድ የሚቀበለን የለም፤ መለኪያው ምን ያህል እንደሚዋዥቅ አስቀድመን ማወቅ ይጠበቅብናል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ልማድ ይዘን የአንድ ታዋቂ አሰልጣኝን ጥንካሬና ድክመት ለመመርመር እንሞክራለን።

ጀርመናዊው አሰልጣኝ የርገን ክሎፕ ቦሩሲያ ዶርትሙንድን እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 የቡንደስሊጋ ሻምፒዮን አድርገዋል፤ በ2013 ደግሞ ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አብቅተዋል። በ2014/15 የውድድር ዘመን ግን ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 17 ጨዋታዎች በ4ቱ ብቻ አሸንፎ፣ በ3ቱ አቻ ወጥቶ፣ በ10ሩ ተሸንፎ፣ በ15 ነጥብ ከ18 ክለቦች 17ኛ ሆነ። ክሎፕም በኤፕሪል 2015 ክለቡን እንደሚለቁ አስታወቁ። ታዲያ አሰልጣኙ በጥቂት ወራት ውስጥ ችሎታቸውን አጥተው ነበርን?

መልሱን ከመስጠታችን በፊት የነጥብን ባሕርይ እንመልከት። በእግር ኳስ ግብ ብርቅ ነው፤ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ1 እስከ 2 ግብ ብቻ ያስቆጥራል። ስለዚህ የግቡ ብረት የመለሰው አንድ ኳስ 3 ነጥብን ወደ 1 ይለውጣል። ከአንድ ጨዋታ የሚገኘው ነጥብ 0፣ 1 ወይም 3 በመሆኑ፣ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን፣ ማለትም መደበኛ ልይይቱ፣ ወደ 1.3 ይጠጋል። አንዱ ጨዋታ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ብለን ብንነሣ፣ የ17 ጨዋታዎችን ድምር ልይይት ለማግኘት 1.3ን በ17 ስኩዌር ሩት እናባዛለን፤ ውጤቱ 5.4 ገደማ ነው። እንግዲህ 25 ነጥብ የሚገባው ቡድን፣ ችሎታው ቅንጣት ሳይለወጥ፣ 20 ወይም 30 ነጥብ ቢይዝ ሊያስደንቀን አይገባም።

ዶርትሙንድ በሁለተኛው አጋማሽ 31 ነጥብ ሰብስቦ፣ በጠቅላላው በ46 ነጥብ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። የሁለቱ አጋማሾች አማካይ 23 ነው፤ 15ም ሆነ 31 ከዚህ አማካይ በ8 ይርቃሉ፤ ይህም የልይይቱ 1.5 እጥፍ ያህል ነው። ዕድል ብቻውን ይህን የሚያህል ልዩነት አዘውትሮ አያመጣም፤ ሆኖም ከፍ ያለ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ ከነጥብ የተሻለ መሣሪያ ያስፈልገናል። አንዱ መንገድ ከግቦች ይልቅ የግብ ሙከራዎችን መመዘን ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ከ4 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ግብ ይሆናል፤ ከሩቅ የሚመታ ኳስ ግን ከ100 ጥቂት ጊዜ ብቻ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉን ሰጥተን ስንደምር “የሚጠበቁ ግቦች” የሚባለውን መጠን እናገኛለን። ሙከራዎች ከግቦች በብዙ እጥፍ ስለሚበልጡ የዚህ መለኪያ መዋዠቅ ያንሳል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙትና የሊቨርፑል ክለብን የምርምር ክፍል ይመሩ የነበሩት ኢያን ግራሃም የዶርትሙንድን ጨዋታዎች በተመሳሳይ መንገድ መርምረው፣ ቡድኑ ነጥቡ ከሚያሳየው እጅግ የተሻለ እንደ ተጫወተ ደመደሙ። ሊቨርፑልም በኦክቶበር 2015 ክሎፕን ቀጠረ። ክለቡ በ2018/19 97፣ በ2019/20 ደግሞ 99 ነጥብ ሰበሰበ። ይህ በ76 ጨዋታዎች የተገኘ በመሆኑ ከአንድ ዋንጫ የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ነው።

ይህ ማለት ግን ክሎፕ ድክመት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። የስልታቸው ጥንካሬ የተነጠቀን ኳስ ተጋጣሚው ሳይደራጅ በጋራ ሮጦ መልሶ መንጠቅ ነው። ተጋጣሚው ኳሱን ለዶርትሙንድ ትቶ በራሱ ሜዳ ሲከማች ግን የሚነጠቅ ነገር አይኖርም፤ ይህን አጥር የሚሰብር ሌላ መላ ማጣት በእርግጥ የአሰልጣኝ ጉድለት ነው። በአንጻሩ አጥቂው ሮበርት ሌቫንዶቭስኪ በ2014 ውሉን ጨርሶ ወደ ባየር ሙኒክ መሄዱ በአሰልጣኙ ሒሳብ ሊጻፍ አይገባም። በሙከራ ላይ አንድን ተለዋዋጭ ስናጠና ሌሎቹን ለይተን እንደምናስቀምጥ ሁሉ፣ እዚህም የተጫዋቾችን አቅም፣ ጉዳትንና ዕድልን ከአሰልጣኙ ሥራ መለየት ይኖርብናል።

አሰልጣኝን ማሰናበት የሰውን እንጀራና ስም የሚነካ ፍርድ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በምትደግፉት ቡድን አሰልጣኝ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ የ10 ጨዋታዎችን የግብ ሙከራዎች፣ የራሱንም የተጋጣሚውንም፣ ከተመቱበት ቦታ ጋር መዝግቡ። ምናልባት ደብተራችሁ ከደረጃ ሠንጠረዡ የተለየ ነገር ይነግራችሁ ይሆናል።