ተጨማሪ መረጃ፦ የጠፋው የምስል ቁጥር

በአምስት ኪሎው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት ምስል፣ ሠንጠረዥና ቀመር በየገጹ የሚጠቃቀሱበት ረጅም ሰነድ ነው። «ምስል 3.2ን ይመልከቱ» በሚለው ሐረግ ያለው ቁጥር በእጅ ካልተጻፈ፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ያስገባው ፊልድ ነው። በመሃል ሌላ ምስል ቢጨመር ፊልዱ ሲታደስ ቁጥሩም ይስተካከላል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ለኅትመት ሲደረስ ነው። በቁጥሩ ቦታ «ኤረር! ሪፈረንስ ሶርስ ኖት ፋውንድ» የሚል ደማቅ ጽሑፍ ይመጣል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ወርድ ማመሳከሪያ ሲያስገባ በምስሉ መግለጫ ላይ የተደበቀ ቡክማርክ ያኖራል። መግለጫው ተሰርዞ እንደ አዲስ ከተጻፈ ቡክማርኩ አብሮ ይጠፋል። ምስልን ከነመግለጫው ኮፒ አድርጎ ዋናውን መሰረዝም ውጤቱ ያው ነው፤ ቡክማርኩ የሚቀረው ከዋናው ጋር ነውና። ከት አድርጎ ፔስት ማድረግ ግን ቡክማርኩን ይዞት ይሄዳል።

የተበላሸውን ለመጠገን «ኤረር!» የሚለውን ቃል በፋይንድ ፈልጎ ማጥፋት፣ ከዚያም «ሪፈረንስስ» ከሚለው ታብ ክሮስ ሪፈረንስን መርጦ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሳይጠፋ የቀድሞው ሆኖ ከቀረ፣ በኮንትሮልና ኤ ሁሉን መርጦ ኤፍ 9ን መጫን ይበቃል። በራስጌ፣ በግርጌና በግርጌ ማስታወሻ ያሉ ፊልዶች ግን በዚህ ስለማይመረጡ ለየብቻ ይታደሳሉ።

ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ሰነዱ ወደ ፒዲኤፍ ከመቀየሩ በፊት ነው።